ስፒናውን የያዙት አማት

ሰፈሩ ሁሉ «ቶሎቶሎ» እያለ የሚጠራው አናጺ እውነተኛ ስሙን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማው በሰርጉ ቀን ነው ይባላል። እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ፈጣን፣ አካሄዱ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነበር። በር ሊያዝዝ የመጣ ሰው የሚፈልገውን ተናግሮ ሳይጨርስ እሱ ሜትሩን ዘርግቶ እንጨት ላይ ማስመር ይጀምራል። ጎረቤቶች ቅጽል ስሙን ያወጡለት ግን ፍጥነቱን ለማድነቅ ብቻ አልነበረም። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» የሚለውን ተረት ግማሹን በአፋቸው፣ ግማሹን በሆዳቸው እያሉ ነው።

እውነቱን ለመናገር የሠራው ነገር ሰንበሌጥ አልነበረም። በሩ አይነቃነቅም፤ ቁም ሳጥኑ አይንጋደድም። ሰንበሌጡ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። የሥራ ቤቱ ከሚኖሩበት ቤት ጓሮ፣ ከጎረቤት ፀጉር ቤት ጋር አንድ ግድግዳ የተጋራ የቆርቆሮ ዳስ ነበር። ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ቆጣሪውንም ይጋራሉ። የድሪሉ ስፒና ድሮ ተሰብሮ ተጥሏል፤ ቶሎቶሎ የገመዱን ጫፍ በጥርሱ ልጦ፣ ሁለቱን እራቁት ሽቦዎች ሶኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ፣ እንዳይወጡ በክብሪት እንጨት ወትፎ ይሠራበታል። የኤሌክትሪክ መጋዙ ጥርሱን የሚሸፍንበት መከለያ ነበረው። «ዓይኔን ይጋርደኛል» ብሎ ፈታውና ሚስማር ማስቀመጫ አደረገው። ገመድ የተላጠበት ቦታ ሁሉ በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ናስትሮው ሲያልቅበትም በላስቲክ፣ ላስቲኩ ሲጠፋ በጨርቅ።

ሚስቱ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። «ከሱቃችን ፋሻ የሚወስደው ትልቁ ደንበኛ ባሌ ነው» ትላለች። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር አንድ ጊዜ ወልቆ እንደገና በቅሎለታል፤ ሲበቅል ግን መንገዱን ስቶ ወደ ጎን ሄዷል። ዓይኑን እንዲከላከልለት መነጽር ገዝታ ብትሰጠው አመስግኖ ሚስማር ላይ ሰቀለው። እዚያው ተሰቅሎ አቧራ ሲጠጣ ብታየው መልሳ ወሰደችውና ሽንኩርት ስትከትፍ ታደርገው ጀመር። ከእንባ ስላዳናት እሷም መመለሱን ረሳችው።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ነው አማቱ የመጡት።

አማቱ ዕድሜያቸውን ክር ፋብሪካ ውስጥ የጨረሱ ሴት ናቸው። ሲገቡ ጠራጊ ነበሩ፤ ቆይተው ማሽን ላይ ቆሙ፤ በመጨረሻም የፈረቃ አለቃ ሆነው ጡረታ ወጡ። ከማሽን ጩኸት ጋር እየተሻሙ ስለኖሩ ድምፃቸው ትልቅ ነው፤ ምስጢር ሲያወሩ ጎረቤት ይሰማል። የቤታቸው ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሮ ቆርቆሮው ሲነሳ «እስኪያልቅ ልጄ ጋ ልረፍ» ብለው አንዲት ሻንጣ ይዘው መጡ።

ቶሎቶሎ በዚህ ዓለም ላይ ከምንም በላይ የሚፈራው አማቱን ነበር። እሳቸው ብቅ ሲሉ ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል፤ የጀመረውን ፉጨት ይውጣል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው፣ አማቱ ቤት ውስጥ መቀመጥ ሰልችቷቸው ወንበር ይዘው የሥራ ቤቱ በር ላይ ሲዘረጉ ምን እንደተሰማው መገመት ነው። የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብለው ተመለከቱ። በማግስቱ ወደ ሶኬቱ ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ክብሪት እዚህ ምን ይሠራል?»

«ሽቦውን ይዞልኝ ነው እማማ።»

«እሳትን በክብሪት የሚይዝ ሰው ገና ዛሬ አየሁ።»

«ለጊዜው ነው።»

«ጊዜው መቼ ጀመረ?»

ቶሎቶሎ አሰበ። ከሰርጉ በፊት ነበር። «በቅርቡ ነው እማማ» አላቸው።

«የመጋዙስ ልብስ የት ሄደ?»

«የቱ ልብስ?»

«ጥርሱን የሚሸፍነው ነዋ። እንዲህ አግጥጦ የሚውል ነገር እንኳን መጋዝ ሰውም ያስፈራል።»

ቶሎቶሎ ሚስማር የሞላበትን መከለያ በእግሩ ወደ ባንኮው ሥር ገፋ አደረገና «እየፈለግኩት ነው» አለ። አማቱ አዩት፤ መከለያውንም አዩ። ነገር ግን በአማች ቤት እንግዳ ሆኖ አፍ ማብዛት ነውር መሰላቸው። ከሻንጣቸው ክርና ኪሮሽ አወጡና እጃቸውን ሥራ ሰጡት።

የሠሩት አንገት ልብስ ነበር። እየሠሩ የቶሎቶሎን አሠራር ይመለከታሉ፤ የሚያዩት ነገር ልባቸውን ስለሚያንጠለጥለው እጃቸው አያቆምም፤ እጃቸው ስለማያቆም አንገት ልብሱ ይረዝማል። ሲያልቅ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆነ። ቀዩን ክር ከሰማያዊ ጋር አዋህደው፣ ጫፉ ላይ ዘርፍ አንጠልጥለው፣ በራሳቸው እጅ አንገቱ ላይ ጠመጠሙለት። ቶሎቶሎ ደስ አለው፤ ደግሞም ደነገጠ። ከዚያ ወዲያ ይሉኝታ ይዞት አያወልቀውም። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው፣ ላብ በጀርባው ሲወርድ፣ እሱ አንገት ልብሱን እንደጠመጠመ ነው።

እዚህ ላይ የአማቱንም ጥፋት መናገር ተገቢ ነው። እሳቸው ፋብሪካ ሳሉ ስንቷን ልጅ «ሻሽሽን እሰሪ፣ ፀጉርሽን ሰብስቢ፣ ማሽን ዘመድ አያውቅም» እያሉ ሲቆጡ የኖሩ ሴት ናቸው። የገዛ እጃቸው ሥራ አማቻቸው አንገት ላይ ሲወዛወዝ ግን ያዩት የክሩን ማማር ብቻ ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛ የመጽሐፍ መደርደሪያ አዘው ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ባርኔጣቸውን ቤት ውስጥ ሲገቡ አውልቀው ደረታቸው ላይ የሚይዙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መጡና ከአማቱ ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው መደርደሪያቸውን ፈለጉ። የቆሙ ሁለት ሳንቃዎች አዩ።

«አልቋል ብለኸኝ ነበር» አሉ።

«አልቋል ጋሼ። መገጣጠም ብቻ ነው የቀረው።»

«መደርደሪያ ማለት እኮ የተገጣጠመው ነው። ያልተገጣጠመው እንጨት ይባላል።»

ይህን ሲሰማ ቶሎቶሎ በቶሎ ሊያሳያቸው ፈለገ። ድሪሉን አነሳ። ያቺ ድሪል ማብሪያዋን ተጭነው ሳይለቁ እንድትሠራ የምትቆልፍ ትንሽ ቁልፍ አለቻት፤ ቶሎቶሎ ጣቱ እንዳይደክም ሁልጊዜ ይቆልፋታል። ቆለፋትና ሳንቃው ላይ ጎንበስ አለ። የአንገት ልብሱ ዘርፍ ተንጠልጥሎ የሚሽከረከረውን መብሻ ነካ።

የተቀረው የሆነው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። ድሪሏ ዘርፉን ያዘች፤ ከዘርፉ ቀዩን፣ ከቀዩ ሰማያዊውን፣ ክር እንደሚጠቀልል እንዝርት እየጠቀለለች ወደ ላይ ወጣች። ቶሎቶሎ ወደ ኋላ ሲል እሷም አብራው መጣች። ሁለት እጁን ልኮ ያዛት፤ ቆልፏታልና አትቆምም። ሲያዩት አገጩን ድሪሏ ላይ አስደግፎ፣ ከንፈሩን አሹሎ፣ ልክ ሊስማት የተጠጋ ሰው መስሏል። ዳኛው ባርኔጣቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

አማቱ ግን አልደረቁም። ከወንበራቸው ተነስተው የድሪሉን ገመድ መሀሉ ላይ በሁለት እጃቸው ያዙና፣ ፋብሪካ ውስጥ ክር የሞላ በርሜል እንደሚጎትቱት፣ መላ ሰውነታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ጎተቱት። ክብሪቶቹ ተፈናጠሩ። ሁለቱ እራቁት ሽቦዎች ሲወጡ ተነካኩና ጧ ብለው ሰማያዊ ብልጭታ ረጩ። ድሪሏ ፀጥ አለች። አማቱ ወደ ኋላ ሄደው ሰጋቱራው ክምር ላይ ተቀመጡ። ቆጣሪው ላይ ያለው ብሬከር ወረደና ግቢው በሙሉ ዝም አለ።

ወዲያው የፀጉር ቤቱ በር ተከፈተ። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ መቁረጫ ማሽኑን እንደያዘ፣ ቀጥሎም ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ የታሰረለት፣ የራሱ ግማሽ የተላጨ ግማሹ ጫካ የሆነ ደንበኛ ወጡ።

«መብራት ማን ነው ያጠፋው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ከዚያ ቶሎቶሎን አየው። «ምን እያደረገ ነው?»

«ሥራ ላይ ነው» አሉ ዳኛው።

አማቱ ሰጋቱራውን ከቀሚሳቸው እያራገፉ ተነሱ። ምንም አልሆኑም፤ ክምሩ አዳናቸው። ዳኛው ትንፋሻቸው ተመልሶ «መቀስ ይምጣ» ሲሉ ቶሎቶሎ በተጣበቀ አፉ አጉረመረመ።

«ምን አለ?» አሉ ዳኛው።

«አይቆረጥም ነው የሚለው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጆሮውን አስጠግቶ። «የእማማ ሥራ ነው፣ አይቆረጥም ይላል።»

አማቱ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ራራ። ልባቸው ስለራራ ደግሞ የበለጠ ተናደዱ። ወንበራቸውን ጎትተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡና የድሪሏን አፍ በእጃቸው ወደ ኋላ እያዞሩ አንገት ልብሱን ይተረትሩት ጀመር። ሥራው ቀስ ያለ ነበር። ተጠያቂው የትም መሄድ ስለማይችል አንዳንድ ነገር ለመጠየቅ ይመቻል።

«ክብሪቱ ከዚህ ቤት ይወጣል?»

«እህ።»

«ስፒና ይገዛል?»

«እህ።»

«የመጋዙ መከለያ ቦታው ይመለሳል?»

ቶሎቶሎ ትንሽ ዘገየ። አማቱ የድሪሏን አፍ አንድ ዙር ወደ ፊት መልሰው ጠመዘዙት።

«እህ፣ እህ።»

«ይህቺስ ቁልፍ? ቆልፈህ ትሠራለህ?»

ራሱን ለመነቅነቅ ሞከረ፤ ድሪሏም አብራው ተነቀነቀች። ሚስቱ ለምሳ የመጣችው ይሄኔ ነው። በሩ ላይ ቆማ እናቷን አየች፤ ባሏን አየች፤ ግማሽ ራሱን የተላጨውን ሰው አየች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ እስክትል ሳቀች። አንገቱ ላይ የነበረውን የተላጠ መስመር ቅባት ስትቀባለትም ሳቋ ስላላቆመ ቅባቱ ጆሮው ድረስ ደረሰ።

ሻይ ሲቀርብ ቶሎቶሎ ምላሱ ተመለሰለት። «ደግሞ እኮ ስፒና ቢኖረው ኖሮ ጠብቆ ይይዝ ነበር» አለ። «ተጎትቶ የወጣው ክብሪት ስለሆነ ነው። ነገሩን በደንብ ላየው ሰው ያዳነኝ ክብሪቱ ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ትንሽ አሰበበትና «እሱስ እውነት ነው» አለ። አማቱ ከፀጉር አስተካካዩ ፊት ያለውን ብርጭቆ አንስተው ወደ ወጥ ቤት ይዘውት ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ቤቱ ሕግ ተለወጠ። ሚስትየው አዲስ ስፒና ገዛች፤ ኤሌክትሪክ ሠሪ ተጠርቶ የተላጠውን ገመድ ሁሉ ቀየረው። መከለያው ሚስማሩን ተፍቶ መጋዙ ላይ ተመለሰ። መነጽሩ ከወጥ ቤት መጣ፤ የሽንኩርት ሽታው ግን አብሮት መጣ። አንገት ልብሱ ቤት ውስጥ ብቻ እንዲለበስ ተወሰነ። አማቱም ወንበራቸውን ከበሩ አንስተው ሶኬቱ አጠገብ አደረጉት፤ የሚሠራበትን ማሽን ስፒና እንደ ቤት ቁልፍ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ኤሌክትሪክ የፈለገ ሰው መጠየቅ አለበት።

«እማማ፣ ይሰኩልኝ።»

«መነጽር?»

«አድርጌያለሁ።»

«እጅጌ?»

«ሰብስቤያለሁ።»

«ይሄ ጓንት ደግሞ ምንድን ነው?»

«ለጥንቃቄ ነዋ። ትላንት ሳንቃ ስሸከም አድርግ ብለውኝ የለ?»

«ሳንቃ አይሽከረከርም። በሚሽከረከር ነገር ላይ ጓንት ያደረገ ሰው አንገት ልብሱን እጁ ላይ አሰረ ማለት ነው። አውልቅ።»

ያወልቃል። ይሰኩለታል። ጨርሶ መብሻ ሊቀይር ሲል «ንቀል» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ራሳቸው ይነቅሉና ስፒናውን ጭናቸው ላይ ይመልሳሉ። ድምፃቸው ትልቅ ስለሆነ «ንቀል» ሲሉ ፀጉር አስተካካዩም መቁረጫ ማሽኑን ይነቅላል። አንዲት ደንበኛው የኤሌክትሪክ ምጣዷን ነቅላ እንደሆነ ለማየት ወደ ቤቷ ተመልሳ ሄደች ይባላል።

ቶሎቶሎ አንጀቱ አረረ። «እናትሽ ቆጣሪ ሆኑብኝ» አላት ሚስቱን።

«ቆጣሪ ምን አለበት? ስትጠቀም ነው የሚቆጥርብህ።»

«እሳቸው ሳልጠቀምም ይቆጥራሉ።»

አንድ ቀን ብልሃት ፈጠረ። አማቱ ከምሳ በኋላ ትንሽ ጋደም ሲሉ፣ ማራዘሚያ ገመድ በግድግዳው ላይ አሻግሮ ከፀጉር ቤቱ ሶኬት ላይ ሰካ። ፀጉር አስተካካዩ በወዳጅነት ፈቀደለት። ነገር ግን ቶሎቶሎ መጋዙን ባስነሳ ቁጥር የወዲያኛው መቁረጫ ማሽን ትንፋሽ እያጠረው ፀጉሩን መቁረጥ ትቶ ይነጨው ጀመር። ደንበኛው ጮኸ። አማቱ ነቁ። ከአልጋቸው ሳይነሱ ጣሪያውን እያዩ አዳመጡና «ያ መጋዝ በማን መብራት ነው የሚዘፍነው?» አሉ። ብልሃቱ በዚያው ሞተ።

ነገር ግን ሰው አንድን ሥራ ቁጭ ብሎ ሲመለከት ከዋለ ሥራው ሳያስበው ደሙ ውስጥ ይገባል። አማቱ ከስፒናው ጋር በተቀመጡ ቁጥር ዓይናቸው ከቶሎቶሎ እጅ ላይ ወደ እንጨቱ እየተሻገረ ሄደ። ሻካራው ሲለሰልስ፣ የእንጨቱ መስመር ከአቧራው ሥር ሲወጣ ማየት ደስ አላቸው። ክር ሲዳስሱ የኖሩ ጣቶቻቸው ከዓይን የተሰወረውን ሻካራ ያገኛሉ፤ «እዚህ ጋ ቀርቶሃል» ይሉታል፣ ሲዳብሰው እውነትም ቀርቷል። በተለይ ማለስለሻ ማሽኗን ወደዷት። በእጅ ውስጥ የምትገባ፣ ሆዷ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፋ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ማሽን ናት። «ይህቺስ ጨዋ ትመስላለች» ይሉ ነበር።

የዳኛው መደርደሪያ ተገጣጥሞ የመጨረሻው ቫርኒሽ ብቻ ቀርቶታል። ቶሎቶሎ የቫርኒሹን ቆርቆሮ ከፈተና ባንኮው ጫፍ ላይ አስቀመጠ፤ ብሩሽ እንደሌለው ያወቀው ይሄኔ ነው። «መጣሁ እማማ» ብሎ ወደ ሱቅ ሮጠ።

አማቱ ግራ ቀኝ አዩ። አንዲት ያረጀች በርጩማ ነበረቻቸው፤ ባንኮው ላይ አወጧት። ሁሉንም በሥርዓቱ አደረጉ፤ መነጽሩን አጠለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ሻሻቸውን አሰሩ። «እማማ፣ ይሰኩልኝ» ብለው ራሳቸው ሰኩ። ማሽኗ ተንቀጠቀጠች፤ የበርጩማዋ ፊት ፈካ። አማቱ ሳያውቁት ማንጎራጎር ጀመሩ። ወረቀቱ ሲያልቅ ማሽኗን አጥፍተው ሆዷን ወደ ላይ ገለበጧት። አሁን መጀመሪያ የሚደረገው ምን እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ነገር ግን ስፒናው ጭናቸው ላይ አይደለም፣ ሶኬቱ ከጀርባቸው ነው፣ «ንቀል» የሚልም ሰው የለም። አሮጌውን ወረቀት ሲልጡ አውራ ጣታቸው ማብሪያውን ተጫነች።

ጨዋዋ ማሽን ከእጃቸው አመለጠች። ባንኮው ላይ በሆዷ ወድቃ እንደ ተቆጣ ጥንዚዛ እያጉረመረመች ዳር ዳሩን ሄደች፤ በርጩማዋን ገፈተረች፤ የቫርኒሹን ቆርቆሮ አገኘች። ቆርቆሮው ተገለበጠ። ግማሹ መደርደሪያው ላይ፣ የቀረው አማቱ ላይ።

ቶሎቶሎ ብሩሹን ይዞ ሲደርስ ማሽኗ መሬት ላይ ትንጫጫለች። አማቱ ከራስ ሻሻቸው እስከ ጫማቸው የሻይ ቀለም ለብሰው፣ እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው፣ እንደ ሐውልት ቆመዋል። ፀጉር አስተካካዩ በግድግዳው ላይ አንገቱን አውጥቶ ነበር። «እኔ ምንም አላየሁም» አለና ራሱን መለሰ።

ቶሎቶሎ ወደ ሶኬቱ ሄዶ ስፒናውን ነቀለ። ፀጥ አለ። ለዚህች ቀን የሚሆን ንግግር ነበረው፤ ከክብሪቱ ጀምሮ እስከ ማራዘሚያው ገመድ ድረስ ያሳለፈውን ሁሉ የሚመልስበት፣ አልጋ ላይ ተኝቶ ሲያቃናው የከረመው ንግግር። አፉን ከፈተ። ቫርኒሹ ከአማቱ ጣቶች ላይ ሲንጠባጠብ አየ። ንግግሩን ተወው።

«እማማ፣ ተጎዱ?»

«አልተጎዳሁም» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ነበር። «ሳልነቅል ወረቀት ልቀይር አልኩ። እንዲህ ነው የሆነው፤ ሌላ ምክንያት አልጨምርበትም።»

«ዓይንዎንስ?»

መነጽሩን አወለቁ። ከዚያ ሁሉ ቡናማ መሀል ሁለት ነጭ ክቦች ብቅ አሉ፤ በክቦቹ ውስጥ ሁለት የደነገጡ ዓይኖች። ቶሎቶሎ ከንፈሩን ነከሰ። ጉንጩ ተነፋ። አማቱ አዩትና «ሳቅ» አሉት፣ «እኔም በዚያ በድሪሉ ነገር ሳምንት ሙሉ ስቄብሃለሁ። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር የምስቀው።» አብረው ሳቁ። ሚስትየው ከሥራ ተመልሳ እናቷን በዘይትና በጨርቅ ስትፈትግ አመሸች። «እማዬ፣ እሱ ይበቃኝ ነበር እኮ» ትላለች እየደጋገመች።

በማግስቱ አማቱ፣ ጆሯቸው ሥር ገና ቡናማ እንደሆነ፣ ወንበራቸውን ሳይዙ መጡ። «ሥራውን አስተምረኝ» አሉት። «አንተ ስትሠራ እኔ እሰካለሁ፤ እኔ ስሠራ አንተ ትሰካለህ። አጠገቤ ሰው ሳይኖር ማሽን አልነካም፤ አንተም አትነካም።»

ማስተማር ለቶሎቶሎ ከባድ ሆነበት። ሁሉን ነገር ቀስ ብሎ ማሳየት ነበረበት፤ እሳቸው ደግሞ «ለምን?» ሳይሉ አያልፉም። «ለምን በመጋዙ ጥርስ መስመር ላይ አይቆምም?» ሲሉት፣ መጋዙ ቢያመልጥ ወዴት እንደሚሄድ ሊያስረዳ ይጀምርና፣ ራሱ የት ሲቆም እንደኖረ አስታውሶ ወሬውን ያቋርጣል። የመደርደሪያው ቫርኒሽ ተፍቆ እንደገና ተቀባ። የፋቁት አማቱ ናቸው። ጣሪያቸው አልቆ ቆርቆሮው ከተመታ ቆይቷል፤ ወደ ቤታቸው የመመለሳቸውን ነገር ግን ማንም አላነሳም። ቤቱን ለአንዲት መምህርት አከራዩትና ሁለተኛዋን ሻንጣ አመጡ።

መደርደሪያው ሲደርቅ ለዳኛው ይዘውት ሄዱ። ዳኛው ሳሎናቸው ውስጥ መሀል ግድግዳውን ሲጠርጉትና ሲለኩት ኖረዋል። «እዚህ፣ ልክ መሀሉ ላይ» አሉ። እንዳይወድቅ ከግድግዳው ጋር በብሎን መታሰር ነበረበት። አማቱ ስፒናውን ሰክተው ቆሙ። ቶሎቶሎ መነጽሩን አድርጎ ድሪሏን አነሳ፤ መብሻውን በእርሳስ ያደረገው ምልክት ላይ አሳረፈ። ከዚያ አወረደው። ጎንበስ ብሎ ከታች ያለውን ሶኬት አየ፤ ቀና ብሎ ወደ ጣሪያው አየ።

«ጋሼ፣ ለዚህ ሶኬት መብራቱ በየት ነው የሚመጣው?»

«ከመንግሥት ነው እንጂ።»

«በግድግዳው ውስጥ ማለቴ ነው።»

ዳኛው አላወቁም። ቶሎቶሎ ሽቦው ከጣሪያው ወደ ሶኬቱ ቀጥ ብሎ እንደሚወርድ፣ ምልክቱ ደግሞ ልክ በላዩ እንዳረፈ በጣቱ አሳያቸው። «እዚህ ከበሳሁ መብሻው ሽቦውን ያገኘዋል። ወደ ቀኝ እንሂድ።»

«ስንት?»

«ከሽቦው ራቅ እስኪል።»

«መሀል ላይ አይሆንማ እንግዲህ።»

«አይሆንም ጋሼ።»

ዳኛው ወደ አማቱ ዞሩ፣ ይግባኝ የሚሉ ይመስል። አማቱ ስፒናውን ነቅለው እጃቸው ውስጥ ይዘው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያሉ፤ ፊታቸውን ለማንም አላሳዩም። «እሱ ነው አለቃው» አሉ፣ ለዚያች ሳሎን ትንሽ የሚበዛ ድምፅ አውጥተው።

መደርደሪያው ወደ ቀኝ ሄዶ ታሰረ። ግድግዳው ላይ በስተግራ ባዶ ቦታ ተረፈ፤ ዳኛው መጀመሪያ ሰሞን በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ያሳክካቸው ነበር። በኋላ ወንበራቸውን እዚያ ባዶው ቦታ ላይ አመጡና መጽሐፍ ማንበቢያ አደረጉት። እንግዳ መጥቶ ለምን መሀሉ ላይ እንዳልሆነ ሲጠይቃቸው ታሪኩን ከድሪሉ መሳም ይጀምሩታል፤ እንግዳውም ሳይበላ አይሄድም፣ ታሪኩ ረጅም ነውና።